«ችላ ማለት» በሕግ ፊት ምን ማለት ነው? በካሊፎርኒያ የአረጋውያን በደል ሕግ ላይ የቀረበ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን በየቤታችን ስላለ፣ ስሙን ለመጥራት ግን ስለምናፍርበት ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን «በእኛ ዘንድ እናትና አባት አይበደሉም» እንላለን። ሱረቱል ኢስራእ ላይ ለወላጅ «ኡፍ» ማለት እንኳ መከልከሉን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። ይህ መለኪያ ከየትኛውም የአሜሪካ ስቴት ሕግ በእጅጉ ይበልጣል። ነገር ግን የካውንቲው ሶሻል ወርከር በር ሲያንኳኳ ወይም ዳኛ ሲጠይቅ የሚታየው በሕጉ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። ያ ቃል ደግሞ እኛ «በደል» ስንል ከምናስበው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። እኛ «ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ እናቷን ትወዳለች» ብለን የምናልፈውን ነገር ሕጉ ችላ ማለት ሊለው ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው እንክብካቤውን የያዘው ማን እንደሆነና ምን ሳይደረግ እንደቀረ ነው። ስለ ፍቅር አይጠይቅም።

ማኅበራችን ያለው ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለሆነ የምናብራራው የካሊፎርኒያን ሕግ ነው። በሌላ ስቴት የምትኖሩ አንባቢዎች መሠረተ ሐሳቡን ያዙ፤ ዕድሜውንና ዝርዝሩን ግን ከስቴታችሁ ሕግ አረጋግጡ። ለምሳሌ በሜሪላንድ ዋናው መለኪያ ሰውየው የዕለት ፍላጎቱን ራሱ ማሟላት መቻል አለመቻሉ ነው እንጂ ዕድሜው አይደለም። በቴክሳስ ደግሞ በደል ተፈጽሟል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ሕጉ «አረጋዊ» የሚለው ማንን ነው?

በካሊፎርኒያ አረጋዊ የሚባለው በስቴቱ የሚኖር 65 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ትርጉሙ «የሚኖር» ይላል እንጂ ዜግነት አይጠይቅም። ከ18 እስከ 64 ዓመት ሆኖ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ራሱን መጠበቅ የሚያዳግተውም ተመሳሳይ ጥበቃ አለው። ለአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት፣ ማለትም ሁላችን ኤፒኤስ ለምንለው የካውንቲ መሥሪያ ቤት፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዕድሜው ወደ 60 ዝቅ ብሏል።

ሕጉ በደል ብሎ የሚዘረዝራቸው ብዙ ናቸው፦ አካላዊ ጥቃት፣ ችላ ማለት፣ ጥሎ መሄድ፣ ከሰው መለየት፣ ከስቴቱ አፍኖ መውሰድ፣ የገንዘብ ብዝበዛ፣ እንዲሁም የአካል ሕመም ወይም የአእምሮ ሥቃይ የሚያስከትል ሌላ አያያዝ። ተንከባካቢው ለአረጋዊው የሚያስፈልገውን ነገር ወይም አገልግሎት ሲነፍግና በዚህም ጉዳት ሲደርስ ይህም በደል ነው። መምታትና ማንገላታት በደል መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አናጠፋም። የሚያስቸግሩን ሌሎቹ ናቸው፤ ከእነሱም ይበልጥ ችላ ማለት።

ችላ ማለት ክፉ ሐሳብ አይጠይቅም

የሕጉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ አረጋዊን የመንከባከብ ኃላፊነት ያለበት ሰው፣ በእሱ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ያህል ጥንቃቄ ሳያደርግ ሲቀር ችላ ብሏል ይባላል። ሕጉ ምሳሌዎችንም ያስቀምጣል። በንጽሕና፣ በምግብ፣ በልብስና በመጠለያ አለመርዳት፤ ለአካልም ሆነ ለአእምሮ ሕመም ሕክምና አለማስገኘት፤ ከጤናና ከደኅንነት አደጋ አለመጠበቅ፤ በምግብ ወይም በውኃ እጥረት እንዳይጎዳ አለመከላከል ይገኙባቸዋል።

አንዲት እናት እናስብ። 74 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ በቅርቡ መርሳት ጀምራለች። ልጇ ሁለት ሺፍት ትሠራለች። ጠዋት ኢንሱሊኗን ወግታ፣ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ምግቡ አልተነካም። አንድ ቀን ሁለት ቀን ሲሆን ማንም አይወቅሳትም። ነገሩ ወራት ሲያስቆጥር፣ እናት ሁለቴ ወድቃ ሆስፒታል ስትገባ፣ ሐኪሙ «ብቻዋን ልትተው አይገባም» ብሎ ከጻፈ በኋላም እንደቀድሞው ሲቀጥል ግን ጥያቄው ይለወጣል። ያን የሐኪም ወረቀት የያዘ አስተዋይ ሰው ምን ያደርግ ነበር? ሥራ ትተሽ ቤት ተቀመጪ የሚል ሕግ የለም። ለሐኪሙ «ቀን ቀን ሰው የላትም» ብሎ መንገር፣ የአይኤችኤስኤስ ሰዓት እንዲጨመር ማመልከት፣ ስለ አዋቂዎች የቀን ማዋያ ማእከል መጠየቅ፣ ወንድምና እህትን ጠርቶ ተራ መያዝ ግን ይጠበቃል። ከእነዚህ አንዱንም ሳይሞክሩ «አላህ ይጠብቃታል» ብሎ መውጣት በዚህ መለኪያ አያስመልጥም።

የመኝታ ቁስልም እንዲሁ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካልተገላበጠ፣ ዳይፐሩ በጊዜ ካልተቀየረ ቆዳው ይላላል፣ ከዚያ ይቆስላል። ነርስ ወይም ሐኪም ጥልቅ የመኝታ ቁስል ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ነው የሚንከባከባቸው?» የሚል ነው። ቁስል ሁሉ የበደል ማስረጃ አይደለም፤ ጥሩ እንክብካቤ ባለበትም ሊወጣ ይችላል። ቁስሉን አይቶ ለሐኪም አለማሳየት ግን ለማስረዳት ይከብዳል።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከቱ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ሐያእ ነው። እናቶቻችን ባዕድ ሰው፣ በተለይ ወንድ፣ ገላቸውን እንዲያይ አይፈቅዱም፤ አንዳንዴም ከመታጠብ ይልቅ እንዲሁ መቆየትን ይመርጣሉ። አእምሮዋ የተሟላ እናት «አይሆንም» የማለት መብት አላት። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ በአይኤችኤስኤስ ተንከባካቢውን የሚመርጠው አገልግሎት ተቀባዩ ራሱ ስለሆነ ሴት መምረጥ ይቻላል፤ በሆስፒታልም ሴት ነርስ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ጾም ነው። አእምሮው ጤነኛ የሆነ አባት ሐኪሙ እየከለከለው «እጾማለሁ» ቢል ውሳኔው የእሱ ነው። ለሐኪሙ መንገርና መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ከእናንተ ይጠበቃል። ነገሩን መለየት ላቃተው፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ግን «ረመዳን ነው» ብሎ ምሳ መከልከል የተንከባካቢው ውሳኔ ነው፤ ተጠያቂውም ተንከባካቢው ነው። የሃይማኖት እውቀት ላለው ሰው ሸሪዓውም በዚህ ላይ ያለው አቋም ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ሩቅያ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሰው በፈቃዱ ከሕክምና ይልቅ በጸሎት መታከምን ስለመረጠ ብቻ ችላ ተብሏል አይባልም ይላል። ቁልፉ «በፈቃዱ» የሚለው ቃል ነው። ምርጫው የአረጋዊው ነው። ልጅ ለእናቱ ወስኖ መድኃኒቷን አስቀርቶ በዘምዘምና በሩቅያ ብቻ ቢያቆያት ይህ አንቀጽ አይሸፍነውም። ሩቅያውም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ማን ከለከለ?

«ተንከባካቢ» የሚባለው ማን ነው?

በስብሰባዎቻችን ላይ በብዛት የሚነሳው ጥያቄ «እኔ ልጅ ነኝ እንጂ ተንከባካቢ አይደለሁም፤ ደመወዝም አልቀበልም» የሚለው ነው። በዚህ ላይ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጣቸውን ሁለት ውሳኔዎች ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው የ1994 ነው። ሀንቲንግተን ቢች ውስጥ በስትሮክ ምክንያት በከፊል ሽባ የሆኑ የ67 ዓመት አባት ከትልልቅ ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በ1990 ሞተው ሲገኙ የተኙበት ፍራሽ ሁልጊዜ ከመርጠቡ የተነሳ በስብሶ ነበር። ቀድሞ የምትንከባከባቸው ሴት ልጃቸው ከአንድ ዓመት ያህል በፊት ከቤቱ ወጥታለች፤ እየመጣች ትጠይቃቸው ነበር፣ ያሉበትንም ሁኔታ ታውቅ ነበር። ዐቃቤ ሕግ እሷንም «እያወቀች ፈቅዳለች» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ግን ማወቅ ብቻውን ለወንጀል አይበቃም፣ ሰውን በዚህ አንቀጽ በወንጀል ለመጠየቅ በሕግ የተጣለበት ግዴታ መኖር አለበት ብሎ በእሷ ላይ የቀረበው ክስ እንዲሰረዝ ወሰነ።

ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን እንደነግጣለን፤ መደንገጥም ይገባናል። ነገር ግን ውሳኔው የሚያስተምረን ከቤት የወጣው ልጅ ነጻ መሆኑን ብቻ አይደለም። ሸክሙ አብሮ በሚኖረውና እንክብካቤውን በተረከበው ልጅ ላይ መሆኑንም ጭምር ነው። በየቤታችን አንዷ እህት እናትን ይዛ አራቱ «እንዴት ናት?» እያሉ በስልክ ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ቢፈጠር በሕግ ፊት የምትቆመው ያቺ አንዷ ናት። ይህን የምጽፈው ለእሷ ሳይሆን ለአራቱ ነው። ደግሞም ከቤት ውጭ ያለው ልጅ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም፦ በካሊፎርኒያ አቅም እያለው ለተቸገረ ወላጁ አስፈላጊውን ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና የማያቀርብ አዋቂ ልጅ በሌላ አንቀጽ በቀላል ወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛው ውሳኔ የ2016 ሲሆን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። በቀጠሮ የሚያክሙ ሐኪሞች አንዲትን አረጋዊት ወደ ስፔሻሊስት ሳይልኳቸው በመቅረታቸው «ችላ ብለዋል» ተብለው ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ለዚህ ሕግ ጠንካራ የእንክብካቤ ግንኙነት ያስፈልጋል አለ፤ ጤነኛ አዋቂ ያለ ረዳት ራሱ የሚያደርገውን መሠረታዊ ነገር ለአረጋዊው ለማድረግ ኃላፊነት የወሰደ ሰው መሆን አለበት። ሐኪሞቹ በዚህ አልተገኙም። እናቷን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ መድኃኒቷን የምትሰጠው ልጅ ግን ትገኛለች፤ ደመወዝ ኖራትም አልኖራትም።

አንዱ «ችላ ማለት» የሚለው ቃል በሦስት በሮች እንደሚገባም ልብ እንበል። ኤፒኤስ የሚመጣው ለመርዳት ነው፤ ጥርጣሬ ይበቃዋል። የአረጋዊ ራስን ችላ ማለትም፣ ለምሳሌ ብቻቸውን የሚኖሩና በመርሳት ምክንያት መብላት የተዉ አባት፣ በኤፒኤስ በኩል ይታያል፤ በዚህ ማንም አይከሰስም። በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ከተራ ስሕተት ያለፈ፣ አደጋውን እያወቁ ግድ ያለመስጠት ከተረጋገጠ ካሳው ከፍ ይላል። በወንጀል ደግሞ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያስከትል በሚችል ሁኔታ አረጋዊን ማሠቃየት ወይም እንዲሠቃይ መተው እስከ አንድ ዓመት የካውንቲ እስር፣ እስከ 6,000 ዶላር ቅጣት ወይም ሁለቱንም፣ ከበደም 2፣ 3 ወይም 4 ዓመት የስቴት እስራት ያስከትላል።

ሳናውቅ የምንሠራቸው

ሌሊት የማይተኙ አረጋዊን ቤቱ እንዲተኛ ብሎ ሐኪም ያላዘዘውን የእንቅልፍ መድኃኒት መስጠት ወይም ከታዘዘው በላይ መጨመር። በካሊፎርኒያ ሕግ አእምሮ ላይ የሚሠራን መድኃኒት ለቅጣት ወይም ሐኪም ላልፈቀደው ዓላማ መጠቀም ከአካላዊ ጥቃት ጋር ተቆጥሯል። ከመምታት እኩል ማለት ነው።

ከሰው መለየት። ሆን ብሎ ስልክና ደብዳቤ እንዳይደርሳቸው ማድረግ፣ ሊያያቸው የመጣን ሰው እያሉ «የሉም»፣ ሳይሉ «ማንንም ማየት አልፈልግም ብለዋል» ብሎ መመለስ፣ ማሰር ወይም ዘግቶ ማስቀመጥ በሕጉ በስማቸው ተጠርተዋል። በእኛ ዘንድ ይህ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በወንድማማች ጸብ ነው። እሱ ከእህቱ ተጣልቶ እናቱን ከሴት ልጇ ይከለክላል።

«ግሪን ካርድሽን አስሰርዛለሁ፣ አስመልስሻለሁ» የሚለው ዛቻ ለብቻው መነሳት አለበት። ከአገር የመጡ እናቶችና አባቶች የሚፈሩት ይህንን ነው። ዜጋ በሆነ ልጅ አመልካችነት ግሪን ካርድ ያገኘ ወላጅ ፈቃዱ የራሱ ነው፤ ልጁ ስለተቆጣ አይሰርዘውም። ወረቀቱ ገና ያላለቀም ቢሆን፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ልጅ የሚበድለው ወላጅ «ቫዋ» በተባለው ሕግ መሠረት ለራሱ ማመልከት ይችላል። ለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ልጁ እንዲያውቅ ግን አይደረግም። ዛቻው ደግሞ ራሱ ፍርሃትና ጭንቀት እስካስከተለ ድረስ የአእምሮ ሥቃይ በሚለው ትርጉም ውስጥ ይገባል።

ገንዘብ። የአረጋዊን ገንዘብ ወይም ንብረት አላግባብ ለመጠቀም ወይም ለማታለል መውሰድ፣ መደበቅ ወይም ይዞ ማስቀረት የገንዘብ ብዝበዛ ነው። በጫና ማስፈረምም ይጨመርበታል፤ ሕጉ የሰውየውን ነጻ ፈቃድ አሸንፎ ፍትሐዊ ያልሆነ ውጤት የሚያመጣ ከልክ ያለፈ ግፊት ይለዋል። በእኛ ዘንድ በብዛት የሚታየው የኤስኤስአይ ገንዘብ ነው። «ቤቴ ነው የሚኖሩት፣ ምግቡም ከኔ ነው» ብሎ ካርዱን ሙሉ በሙሉ መያዝ አደገኛ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የውክልና ወረቀትን ለዚህ አይቀበልም፤ ወላጅ ገንዘቡን ማስተዳደር ካቃተው መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚሾመው ተከፋይ ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ለወላጁ ፍላጎት ማዋልና መዝግቦ መያዝ አለበት። በቆንስላ በኩል ውክልና አስፈርሞ አገር ቤት ያለውን ቤት ወይም ቦታ መሸጥም እንዲሁ ነው፤ ትርጉሙ ስለ አረጋዊው ንብረት ይናገራል እንጂ ንብረቱ የት አገር እንዳለ አይለይም። የባንክ ሠራተኞች የገንዘብ ብዝበዛ ሲጠረጥሩ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ከእናታችሁ ጋር ብዙ ገንዘብ ልታወጡ ሄዳችሁ ሠራተኛዋ እናትን ለብቻ ብትጠይቅ አትቀየሙ።

ማሳወቅ ግዴታው የማን ነው?

ሐኪም፣ ነርስና ሶሻል ወርከር መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሕጉ የአረጋዊን እንክብካቤ ሙሉ በሙሉ ወይም አልፎ አልፎ የተረከበን ሰው ሁሉ፣ ክፍያ ቢቀበልም ባይቀበልም፣ ጨምሮ መቁጠሩን ነው። የአይኤችኤስኤስ ሠራተኛ እዚህ ውስጥ አለ። የሃይማኖት አገልጋዮችም አሉበት፤ ሕጉ መስጂድን በስሙ ጠርቷል። ስለዚህ ኢማሞቻችን በአገልግሎታቸው ላይ ሳሉ በደል ካዩ ወይም በምክንያት ከጠረጠሩ ግዴታ አለባቸው። ሥራቸው ሌላ ሆኖ አልፎ አልፎ በነጻ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች በዚህ አይቆጠሩም። ሕጉ በምሥጢር ለሚሰማ ኑዛዜ ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም በእኛ ዘንድ ለኢማም የሚደረግ የኑዛዜ ሥርዓት ስለሌለ ኢማሞች በዚህ ባይመኩ ይሻላል።

ሽምግልናስ? ወንድማማቾችን ማስታረቅ፣ ተራ ማስያዝ፣ ምስክር ሆኖ ማስማማት ትልቅ ሥራ ነው፤ ሕጉም አይከለክልም። ግን ግዴታ ያለበትን ሰው ከማሳወቅ አያድነውም። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ወዲያውኑ፣ የጽሑፉ ሪፖርት ደግሞ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። አለማሳወቅ እስከ ስድስት ወር እስራት፣ እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ሽማግሌዎች ሪፖርቱ ከተላከ በኋላም መቀመጥ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ቤተሰቡ ያኔ ነው የሚሰማቸው።

ቤተሰብን ከመደወል የሚያግደው ዋናው ፍርሃት «ወስደው ነርሲንግ ሆም ያስገቧቸዋል» የሚለው ነው። ኤፒኤስ አእምሮው የተሟላን አረጋዊ ካለፈቃዱ ከቤቱ የማውጣት ሥልጣን የለውም። አረጋዊው ምርመራውንም እርዳታውንም እምቢ ማለት ይችላል፤ ወንጀል ተፈጽሟል ከተባለ ግን የፖሊስ ምርመራ በእሱ እምቢታ አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ሶሻል ወርከር ነው፤ አረጋዊውን ለብቻው ያነጋግራል፣ የጎደለውን ያያል፣ የሚገኘውን እርዳታ ይነግራል። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ፣ በተለይ ልጁ ራሱ የተጠረጠረ ከሆነ። የደዋዩ ማንነት በምሥጢር ይያዛል። አረጋዊው ራሱ ከበዳዩ መጠበቅ ከፈለገ ፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ ሊሰጠው ይችላል፤ ለማመልከቻው ክፍያ የለም።

አደጋው አሁን ከሆነ 911 ደውሉ። ካልሆነ የካሊፎርኒያ ኤፒኤስ ቁጥር 1-833-401-0832 ነው፤ የአረጋዊውን ዚፕ ኮድ ስታስገቡ ወደ ካውንቲያችሁ ያገናኛችኋል፣ ሌሊትም ይሠራል። ነገሩ የተፈጸመው ነርሲንግ ሆም ወይም የአረጋውያን መኖሪያ ተቋም ውስጥ ከሆነ የኦምቡድስማኑ ቁጥር 1-800-231-4024 ነው። ስትደውሉ የአረጋዊውን ስም፣ አድራሻና ዕድሜ፣ ያያችሁትን ነገርና ቀኑን፣ አብሮ የሚኖረውን ሰው ይጠይቋችኋል። ማስረጃ አምጡ አይሏችሁም፤ የጠረጠራችሁበትን ምክንያት መንገር ይበቃል። አማርኛ ለመናገር ከፈለጋችሁ «አምሃሪክ» ብላችሁ መስመር ላይ ጠብቁ።